ለተጎዳ ሕፃን አልሚ ምግብ አሰጣጥ፦ ከክንድ ልኬት እስከ አንጀት ጥበቃ

በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2005 51 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርደዋል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም አሁንም ከሦስት ልጆች ከአንድ በላይ ቁመቱ ለዕድሜው የሚገባውን ያህል አላደገም ማለት ነው። ይህ መመሪያ አቅም ባነሳቸው ቤቶች ውስጥ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆችን ለሚመግቡ እናቶችና አሳዳጊዎች፣ እንዲሁም ለሚረዷቸው ዘመዶችና የሰፈር በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ነው።

አልሚ ምግብ እየተሰጠው የማይፋፋ ልጅ ሲገጥም፣ ምክንያቱ በብዛት ከሚከተሉት አንዱ ነው፦ ሳይለካ የማይስማማው ዓይነት ተሰጥቶታል፤ የእሱ ድርሻ ለቤተሰቡ ሁሉ ተከፋፍሏል፤ ገንፎው ቀጥኗል፤ ወይም የተጎዳው አንጀቱ የበላውን ሊያስቀርለት አልቻለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ።

መጀመሪያ ልኬት

ልጁ ሳይለካ ምንም ዓይነት አልሚ ምግብ አይጀመር። የክንድ መለኪያው ሜትር በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ይገኛል። እናት ራሷ መለካት ትችላለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አንዴ ካሳየቻት ይበቃታል።

1. የልጁን ግራ እጅ ከልብስ አውጡ። እጅጌውን መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም፤ የተጠቀለለው ጨርቅ ሥጋውን ይጨምቃል።

2. ክንዱን ከክርኑ አጥፉት። ከትከሻው ጫፍ አጥንት እስከ ክርኑ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለክታችሁ አጋማሹ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

3. አሁን ክንዱን ዘርጉትና ዘና ብሎ ወደ ታች ይውረድ። ሜትሩን ምልክቱ ላይ አዙሩ፤ ቆዳውን እንዳያሰረጉድ፣ በሥሩም ክፍተት እንዳይኖር አድርጋችሁ በመስኮቱ የሚታየውን ቁጥር አንብቡ።

4. በሁለቱም እግሮቹ ላይ፣ በውስጥ እግሩ ሳይሆን በላይኛው ገጽ፣ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። በሁለቱም እግሮች ላይ ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቀረ እብጠት አለ።

ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀዩ ነው፤ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 የማይሞላው ቢጫ ነው፤ መጠነኛ እጥረት። 12.5ና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። በሁለቱም እግሮቹ ላይ እብጠት ያለበት ልጅ ግን ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም ከፍተኛ የምግብ እጥረት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፊቱና እግሩ የሞላውን ልጅ «ወፈረልን» ይላሉ፣ እሱ ግን ከከሳው ወንድሙ ይልቅ ለሞት የቀረበ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረስ።

የክንድ ልኬት መክሳትን እንጂ መቀንጨርን አያሳይም። ስለዚህ አረንጓዴ የሆነውም ልጅ እስከ 2 ዓመቱ በየወሩ ይመዘን፤ በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ መስመሩ ሁለት ወር በተከታታይ ካልወጣ፣ ባይከሳም ምግቡ ይታይ።

የትኛው ምግብ ለየትኛው ልጅ

ከጤና ተቋም የሚሰጡት አልሚ ምግቦች አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። ፕላምፒናት (ከኦቾሎኒ ቅቤ የተሠራ ቅባታማ አልሚ ምግብ) ቀይ ላይ ላለ ልጅ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ለቢጫው ልጅ በቀን 1 ከረጢት የሚሰጥ ተመሳሳይ ቅባታማ ምግብ ወይም ወተት የተቀላቀለበት የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት (ሱፐር ሲሪያል ፕላስ) ይታዘዝለታል፤ ዱቄቱ 50 ግራሙ በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበስላል። ላልከሳው ግን ምግቡ ለሳሳበት ልጅ የቪታሚንና የማዕድን ዱቄት፣ ወይም 20 ግራም የምትሆን ትንሿ ቅባታማ ከረጢት አለች፤ ይቺ በቀን 1 ጊዜ ከ6 እስከ 24 ወር ላለ ልጅ በምግቡ ላይ ትጨመራለች። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ከእነዚህ አንዱም አይሰጥም፤ የእሱ ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ከከሳም ሐኪም ይየው።

ፕላምፒናት ሲታዘዝ

ከረጢቱ 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ አለው። ውስጡ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቪታሚንና ማዕድን ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ሠንጠረዥ መሠረት ከ5 እስከ 6.9 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በሳምንት 15፣ ከ7 እስከ 9.9 ኪሎ 20፣ ከ10 እስከ 14.9 ኪሎ 30 ከረጢት ይሰጣል። መጠኑን የሚወስነው ግን የመዘነው ባለሙያ ነው፤ ሠንጠረዡ ሊከለስ ይችላልና ከታዘዘላችሁ አትለፉ፣ አትቀንሱም።

ቤት ከመወሰዱ በፊት የምግብ ፍላጎቱ ይፈተናል። ጸጥ ባለ ቦታ እናቱ አቅፋው ትሰጠዋለች፤ አይገደድም፤ ውኃ በኩባያ ይቀርብለታል። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢያንስ ከረጢቱን ሲሶ ያህል መብላት አለበት። እምቢ ካለ ውስጡ ሌላ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ተኝቶ እንዲታከም ይላካል። ይህን ፈተና «ዛሬ ከፍቶት ነው፣ ቤት ይበላል» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። በጣም የተጎዳና የታመመ ልጅ ያገኘውን ሁሉ በአንዴ እንዲበላ ቢደረግ ልቡና ኩላሊቱ አይችሉትም፤ በሆስፒታል ውስጥ በልዩ ወተት በጥቂት በጥቂቱ የሚጀመረው ለዚህ ነው።

ቤት ስትደርሱ እጃችሁንም የልጁንም እጅ በሳሙና ታጠቡ። ከረጢቱን ከመክፈታችሁ በፊት በጣታችሁ እሹት፤ ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሳይታሽ ቢከፈት መጀመሪያ ቅባቱን ይበላና ያቅለሸልሸዋል። ከዚያ ጥጉን ቅደዱና በጥቂቱ ስጡት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ይቅደም፣ ቀጥሎ ፕላምፒናት፣ ሌላው ምግብ መጨረሻ። ምግቡ ውኃ ስለሌለው ይጠማል፤ ንጹሕ ውኃ በኩባያ አጠገቡ ይኑር። ከገንፎ ጋር አትቀላቅሉት፤ ገንፎው ሲተርፍ መድኃኒቱም ይተርፋል። የተከፈተውን አፉን አጥፋችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ በዚያው ቀንም ይለቅ።

ስለ መከፋፈል በግልጽ እንነጋገር። 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን ወደ 3 ከረጢት ሲታዘዝለት ወደ 1,500 ካሎሪ ያገኛል፤ ከቀዩ የሚያወጣው ይህ ነው። ሁለት ታላላቆቹ አንድ አንድ ከወሰዱ የሚቀርለት ወደ 500 ነው። እናት ግን ሌሎች የራባቸው ልጆች እያዩ ለአንዱ ብቻ ስጪ መባሏ ከባድ ነው፤ ወቀሳ አይረዳትም። የሚረዳው ልጁን ሌሎቹ በሌሉበት ሰዓት መመገብ፣ «የእሱ መድኃኒት ነው» ብሎ ለቤቱ ሁሉ መንገርና ታላላቆቹ በዚያው ሰዓት ሌላ የሚቀምሱት ነገር እንዲያገኙ ማድረግ ነው፤ የተቀቀለ ድንችም ይሁን ንፍሮ። የሚረዳ ዘመድ ካለ ገንዘቡን እዚህ ላይ ያውለው። ፕላምፒናት ገበያ ላይ ገዝቶ ላልተለካ ልጅ መስጠት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከታመመ ልጅ አፍ መንጠቅም ነው።

የቤት ምጥን ዱቄት

ይህ ክፍል ለሁሉም ልጅ ነው። ከረጢቱ ያልቃል፤ ልጁ ወደ ቤቱ ማዕድ ይመለሳል፤ ማዕዱ ካልተለወጠ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ክንዱ እንደገና ቢጫ ላይ ይገኛል።

ልኩ 3 እጅ እህል ለ1 እጅ ጥራጥሬ ነው። በጣሳ ስትሰፍሩ፦ 3 ጣሳ ገብስ ወይም ስንዴ፣ 3 ጣሳ ጤፍ ወይም በቆሎ፣ 2 ጣሳ ሽምብራ። እህል ብቻውን የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬው ይሞላለታል። እንሰት በሚበላበት አካባቢ ቡላ ለልጅ ይወደዳል፤ ቡላ ግን ኃይል እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለ ወተት፣ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ ልጅን አያሳድግም።

ሽምብራውን ልቀሙ፣ ሌሊቱን ንከሩ፣ የተነከረበትን ውኃ ድፉት፤ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ እመሱና ከክታችሁ ገለባውን አበጥሩ። መንከሩ ሆድ የሚነፋውንና ብረትና ዚንክ እንዳይሰርጉ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። በሽምብራ ፈንታ አኩሪ አተር ካላችሁ አሠራሩ ይለያል፦ በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ቀቅሉ፣ ልጡን በእጅ አሽታችሁ አውጡ፣ አድርቁ፣ እመሱ። ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለው ሳይቀቀል ቢፈጭ ልጁን ያስቀምጠዋል።

ጓያ አይግባበት። በበጋና በችግር ዘመን ርካሹ ጥራጥሬ እሱ ስለሆነ ፈተናው አለ፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎችን የጎዳው እሱ ነው። በዚሁ ምክንያት ከገበያ የተገዛ ሽሮ ለሕፃን ገንፎ አይሁን፤ ጓያ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፣ በርበሬና ቅመምም አለው። ወፍጮ ቤት ስትሄዱም ከበርበሬ ወይም ከጓያ ቀጥላችሁ አታስፈጩ፤ ተራ ጠብቁ፣ ወይም መጀመሪያ አንድ ጣሳ በቆሎ አስፈጭታችሁ ለሌላ ሥራ አውጡት።

ኦቾሎኒ እጅግ ጥሩ ነው፣ ግን ከዱቄቱ ጋር አይፈጭ፤ ዘይቱ ዱቄቱን በቶሎ ያሻግተዋል። ለብቻው ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ ገንፎው ሲበስል 1 የሾርባ ማንኪያ ይጨመር። ሲለቀም የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ ያለበት ፍሬ አንድም አይለፍ፤ በሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ የልጅን እድገት ያጫጫል፤ መቁላትም መቀቀልም አያጠፋውም። ፍሬውን እንዳለ ለትንሽ ልጅ መስጠት ደግሞ ያንቀዋል።

ዱቄቱን ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ብቻ አስፈጩ። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የሸተተ ወይም የጓጎለ ዱቄት ይጣል።

ገንፎው የሚወፍረው፣ ልጁም የሚጠግበው እንዴት ነው

8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ 240 ሚሊ ሊትር ነው። በዚያ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ የተበጠበጠ አጥሚት ብትሰጡት ሆዱ ይሞላል፣ ያገኘው ግን 40 ካሎሪ እንኳ አይሆንም። ጠግቦ ይተኛል፣ እየከሳም ይሄዳል። ከጡት በተጨማሪ ከምግብ ማግኘት ያለበት ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ በቀን ወደ 200 ካሎሪ፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ነው።

ለ9 ወር ልጅ የሚሆን ገንፎ፦ 5 የሾርባ ማንኪያ ምጥን ዱቄት (ወደ 50 ግራም)፣ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ወይም ግማሽ ውኃ ግማሽ ወተት፣ 1 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ አንድ ጭብጥ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ወይም የተፈቀፈቀ ካሮት። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፣ ከዚያ ለስላሳ እሳት ላይ ጥዳችሁ እያማሰላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉ። ጎመኑን ጨምሩ። እንቁላሉን መትታችሁ አፍስሱና እስኪበስል ድረስ አማስሉ፤ በጥሬው መቅረት የለበትም። ዘይቱ ከእሳት ሲወርድ ይግባ። በውኃ ብቻ ቢሠራ እንኳ ይህ ሁሉ ወደ 290 ካሎሪ ይሆናል። ለሁለት ጊዜ ይበቃዋል። መወፈሩን በማንኪያ ፈትኑት፦ ማንኪያው ሲዘነበል ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፤ እንደ ውኃ ከፈሰሰ ቀጥኗል።

ልጁ ወፍራሙን አልውጥም ሲል አብዛኛው ሰው ውኃ ይጨምራል። ውኃ አትጨምሩ፤ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምሩ። ብቅሉ ስታርቹን ስለሚቆራርጠው ገንፎው ካሎሪው ሳይቀንስ ይቀጥናል። አሠራሩ፦ ገብሱን ለ12 ሰዓት ያህል ንከሩ፣ አጥልሉ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍናችሁ ከ2 እስከ 3 ቀን ውኃ እየረጫችሁ አቆዩት። ቡቃያው አንድ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ፣ ቡቃያውን አሽታችሁ አራግፉ፣ ሳትቆሉ ፍጩ። እዚህ ላይ የሚበላሸው በመቁላት ነው፤ የታመሰ ብቅል ሽታው ያምራል፣ ግን ገንፎ የማቅጠን ኃይሉ ሞቷል። የማሽላ ብቅልን ለልጅ አትምረጡ፤ ቡቃያውና ሥሩ ውስጥ ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር አለ። ሻጋታ የታየበት ወይም ሽታው የተለወጠ ብቅል ይደፋ።

ስትጠቀሙ ዱቄቱን ወደ 7 የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርጉና በጣም ወፍራም ገንፎ ሥሩ፤ ከእሳት አውርዳችሁ ጥቂት በረድ ሲል 1 የሻይ ማንኪያ ብቅል ጨምራችሁ አማስሉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይላላል። የሚንተከተክ ገንፎ ላይ ከጨመራችሁት አይሠራም። ከላላ በኋላ መልሳችሁ ለ2 ደቂቃ አፍሉት፤ ብቅሉ ጥሬ ስለሆነ ጀርም ይኖረዋል።

ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ ይብላ፤ በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ (125 ሚሊ ሊትር) ይደርሳል። ከ9 ወር ጀምሮ ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በመሐልም 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ፦ የተፈጨ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ማር ከ1 ዓመት በታች አይሰጥም፤ ሻይም ከምግብ ጋር አይሁን፣ ብረቱ እንዳይሰርግ ያግዳል።

በጾም ወቅት እንቁላልና ወተት ከቤት ሲጠፉ ልጁም አብሮ ይጾማል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትም፤ እናቶችን የሚያስቸግራቸው በአብዛኛው የዕቃው መነካካት ነው። ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት፣ ማማሰያና ሳህን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ መፍትሔው ይኸው ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

የቪታሚንና የማዕድን ዱቄት፣ ቪታሚን ኤ፣ የሆድ ትል መድኃኒት

የቪታሚንና የማዕድን ዱቄቱ 1 ግራሟ ከረጢት በበሰለና ለብ ባለ ምግብ ላይ ትጨመራለች። መጀመሪያ ልጁ በእርግጥ የሚጨርሰውን ትንሽ ክፍል በሳህኑ ጥግ ለዩ፣ ዱቄቱን እዚያ ላይ በትኑ፣ እሱን አስቀድሙለት፣ ከ30 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ትኩስ ላይ ከተጨመረ ብረቱ ምግቡን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። በፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋልና ለሻይና ለውኃ አይሆንም። የሰገራ መጥቆር የተለመደ ነው፣ አያስደንግጣችሁ። በቀን ከ1 ከረጢት አትለፉ። ብረት ሲበዛ መጥፎዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎችም ይመግባል፤ በኬንያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ብረት ያለበት ዱቄት የአንጀት መቆጣትን እንደጨመረ አሳይቷል። ወባ ባለበት አካባቢ አጎበርና ቶሎ መታከም አብረው መኖር አለባቸው። ፕላምፒናት የሚወስድ ልጅ ይህን ዱቄት አይጨምር፤ ያው ንጥረ ነገር ውስጡ አለ።

ቪታሚን ኤ በየ6 ወሩ ነው፦ ከ6 እስከ 11 ወር ሰማያዊዋ 100,000፣ ከ12 እስከ 59 ወር ቀይዋ 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት። ጫፏ ተቆርጦ ፈሳሹ አፉ ውስጥ ይጨመቃል፤ እንክብሏን እንዳለች መዋጥ የለበትም። የሆድ ትል መድኃኒት ከ2 ዓመት ጀምሮ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም በየ6 ወሩ፤ ለትንንሾቹ ተፈጭቶ በማንኪያ ውኃ ይሰጥ፣ አፍንጫ ይዞ ማስዋጥ ያንቃል።

አንጀቱን መጠበቅ

በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ምግብን የሚመጥጡ ጣት መሰል ቅንጣቶች አሉ። ልጁ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሰገራና ኩስ ወደ አፉ ሲገባ፣ ተቅማጥ እንኳ ባይዘው፣ እነዚህ ቅንጣቶች ያጥራሉ፣ ግድግዳውም ይሳሳል። ሰውነቱ የበላውን ለእድገት በማዋል ፈንታ ለሚቆጣው አንጀት ይከፍላል።

በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የታተሙ ትልልቅ ሙከራዎች አንድ መራራ ነገር አሳይተዋል፦ ትንሿ ቅባታማ ከረጢት ቁመትን በጥቂቱ ጨመረች፤ የተለመደው መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠቢያ ለብቻው ግን ቁመት አልጨመረም። ከዚህ ተነስቶ ንጽሕና አያስፈልግም ማለት ስሕተት ነው። ልጁ የሚድህበት መሬት ኩስ የሞላበት ሆኖ ጉድጓድ መቆፈር ብቻውን እንደማይበቃ ነው የሚያስተምረው።

ስለዚህ ከዶሮዎቹ ጀምሩ። ማታ ሰው በሚተኛበት ቤት አይደሩ፤ ከቻላችሁ በውጭ ቆጥ ይሠራላቸው፤ ካልሆነም በአንድ ጥግ ታጥሮ ጠዋት ጠዋት ኩሱ ይጠረግ። ለሚድህ ልጅ የሚታጠብ ምንጣፍ ወይም ጆንያ ዘርጉ፣ ዙሪያውን በሳጥን ወይም በዱካ አጥሩ። አፈር የሚበላ ልጅን ከመቆጣት በፊት ደም ማነስ እንዳለበት አስመርምሩት። የሕፃን ሰገራ «ንጹሕ ነው» የሚባለው እውነት አይደለም፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል። ጡጦን ተዉት፤ አንገቱና ጎማው በደንብ አይታጠብም፣ ኩባያና ማንኪያ ይሻላል።

ውኃ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለበት፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ 3 ደቂቃ አድርጉት። ማገዶ ከሌለ ውኃ አጋር የተባለውን የውኃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የበሰለ ገንፎ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ አይቆይ፤ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ካለ በትኩሱ ማቆየት ይቻላል።

ፋርማሲ የሚሸጡ ፕሮባዮቲኮች የተጎዳ ልጅን እንደሚያሳድጉ በቂ ማስረጃ የለም፤ በጣም የደከመ ልጅ ላይ በራስ ፈቃድ ባይሞከሩ ይመረጣል። ተስፋ ያለው ሥራ ሌላ ቦታ ነው። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ በተመራማሪዎቹ በጄፍሪ ጎርደንና በታሕሚድ አሕመድ የተመራ ቡድን ከሽምብራ፣ ከኦቾሎኒ፣ ከአኩሪ አተርና ከአረንጓዴ ሙዝ ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎችን የሚያበዛ ምግብ አዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ሙከራ መጠነኛ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ከተለመደው ከፍተኛ ካሎሪ ካለው አልሚ ምግብ ይልቅ በዚህ የተሻለ ክብደት መጨመራቸውን አሳይቷል። አራቱም እኛ ገበያ ላይ አሉ። ያ ምግብ በልዩ መጠን የተዘጋጀና ቪታሚን የተጨመረበት ስለሆነ ቤት ውስጥ እሱን ሠራን ማለት አይቻልም፤ ሽምብራና ኦቾሎኒ ያለበትን ምጥን ዱቄት ግን በሙሉ ልብ እንድትመርጡ ጥሩ ምክንያት ነው።

ተቅማጥ ሲይዘው

ምግብ አታቁሙ፤ ጡት ጨምሩ። ኦአርኤስ (ለምለም) አንዱ ከረጢት በሙሉ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። የ1 ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ምርጥ መለኪያ ነው፤ ባለ ግማሹንና ባለ 2 ሊትሩን አታሳስቱ፣ ከረጢቱንም በግምት አትክፈሉ። ውኃው ካነሰ ጨዉ በዝቶ ልጁን ይጎዳል፤ ከበዛ አይሠራም። ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ክንዱ ቀይ የሆነ ወይም ያበጠ ልጅ ግን ቤት ውስጥ በኦአርኤስ አይታከም፤ መጠኑም ዓይነቱም ስለሚለይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የዚንክ እንክብል በቀን 1 ጊዜ፣ ለ10 ቀን፦ ከ6 ወር በላይ 20፣ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ በማንኪያ የጡት ወተት ወይም ንጹሕ ውኃ ሟሙቶ። ብዙዎች ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ሲቆም ዚንኩን ያቆማሉ፤ የተጎዳው የአንጀት ግድግዳ የሚታደሰው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ከበሽታው በኋላ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይብላ።

ከውጭ አገር ለሚልኩ

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ለዘመድ ልጅ የሚላከው ሻንጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከረሜላ መሰል ቪታሚንና የዱቄት ወተት አለ። ከረሜላው ሕፃንን ያንቃል፤ ለአዋቂ የተሠራ ብረት ያለበት እንክብል ደግሞ ትንሽ ልጅ በብዛት ቢውጠው ይገድላል። የዱቄት ወተት ባልፈላ ውኃ ተበጥብጦ፣ እንዲበረክትም ቀጥኖ በጡጦ ሲሰጥ የተቅማጥ ዋና መንገድ ነው። ለ6 ወር ያህል የእንቁላል፣ የዘይትና የሳሙና ገንዘብ በየወሩ ብትልኩ ከዚያ ሁሉ ይበልጣል።

ክትትል

ፕላምፒናት የሚወስድ ልጅ በየሳምንቱ ወይም ባለሙያዋ በምትቀጥረው ቀን ይታይ። ስትሄዱ ካርዱንና ባዶ ከረጢቶቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን ያህል እንደበላ የሚታወቀው በእነሱ ነው። በ2 ሳምንት ውስጥ ክብደት ካልጨመረ መከፋፈሉን በሐቅ ንገሩ፤ መከፋፈል ከሌለ ለቲቢና ለኤችአይቪ ጭምር ይመርመር። ክንዱ በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ 12.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እብጠትም ለ2 ሳምንት ካልታየ ድኗል ተብሎ ይሰናበታል፤ ከዚያ ወዲህ ምጥን ገንፎውና የክንድ ልኬቱ በየወሩ ይቀጥላል።

መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።